ማንን ትተሽ መጣሽ? የሚለኝ አጣሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ከዓረብ አገር ስለምንመለስ ሴቶች የምትጽፉትን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምትጽፉት እውነት ነው። ደመወዝ ይከለከላል፣ ፓስፖርት ይቀማል፣ በር ይቆለፋል፣ አስከሬን ይመጣል። እኔም ቤይሩት ኖሬ ነው የመጣሁት፣ ሳይደርስብኝ የቀረው ጥቂት ነው። ግን የማይጻፍ አንድ ነገር አለ። እዚያ ወዳጆች ነበሩን። የሐበሻ ልጅ ማለቴ አይደለም፣ የአገሩን ሰው ነው የምለው። ከነዚህ ሰዎች ጋር አብዛኞቻችን በወጉ ሳንሰነባበት እንመለሳለን፣ እዚህ ስንደርስ ደግሞ ስለነሱ የሚጠይቀን የለም።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ከወረድኩበት ቀን ጀምሮ ሰዉ የሚጠይቀኝ ሁለት ጥያቄ ነው። ወይ "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ይለኛል፣ ወይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እንዴት አደረጉሽ?" ይለኛል። በክፋት አይደለም። አገሬው ሁለት ዓይነት ተመላሽ ነው የለመደው፣ ያለፈላትና የተጎዳች። እኔ ግን ሰው ትቼ ነው የመጣሁት። ስለሳቸው ማውራት ያምረኛል፤ ገና ስጀምር የሰሚው ፊት ላይ "ዓረብ ደግሞ ወዳጅ ይሆናል እንዴ?" የሚል አይና እተወዋለሁ። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፣ ቦታ ከሰጣችሁኝ።

ለነገሩ ወዳጄ ዓረብም አይደሉም። አርመን ናቸው። ቡርጅ ሐሙድ ተወልደው ያደጉ፣ ሰባን ያለፉ ልብስ ሰፊ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ጋዜጣ ላይ ይውጣ ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። እኔ እማማ ነበር የምላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው።

ቡርጅ ሐሙድን ቤይሩት የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ከወንዙ ማዶ በምሥራቅ በኩል ያለ የተፋፈገ ሰፈር ነው። እሑድ እሑድ ከኮንትራት ቤት፣ ማለትም አሠሪዋ ቤት እየኖረች ከምትሠራበት፣ ፈቃድ ያገኘችውም፣ ፍሪላንስ የምትሠራው፣ በራሷ ተከራይታ በሰዓት የምትሠራውም እዚያ ትገናኛለች። እንጀራ ይሸጣል፣ በርበሬ ይሸጣል፣ ጀበና አለ። ሰፈሩን የቆረቆሩት ግን አርመኖች ናቸው። በ1915 እ.ኤ.አ. በጀመረው የኦቶማን ቱርክ ጭፍጨፋ ሕዝባቸው ሲያልቅ የተረፉት ቤይሩት ደርሰው ወደቡ አጠገብ ካራንቲና የሚባል ቦታ ላይ በድንኳንና በቆርቆሮ ኖሩ፣ ኋላም ረግረጉን እያደረቁ ቡርጅ ሐሙድን ሠሩት። መንደሮቹን ባጧቸው ከተሞች ስም ጠሯቸው። ኖር ማራሽ፣ ኖር አዳና፣ ኖር ሲስ። ኖር ማለት አዲስ ማለት ነው። የእማማ ሱቅ ያለው ማራሽ ነው፣ አያታቸውም የድሮዋ ማራሽ ሰው ነበሩ። የአያትየውን ነገር ወደ በኋላ አነሳዋለሁ።

የተዋወቅነው በመጋረጃ ምክንያት ነው። ያኔ ኮንትራት ቤት ነበርኩ። ብቻዬን ከበር የምወጣው ልብስ ሰፊ ቤት ስላክ ብቻ ነበር፣ እሱም ሰዓት እየተቆጠረብኝ። እማማ የመጋረጃውን ጫፍ ሲለኩ ቆሜ እጠብቃለሁ። "ቁጭ በይ" አሉኝና ወንበር ሳቡልኝ። እዚያ አገር ከገባሁ "ቁጭ በይ" ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ውሃ ቀዱልኝ። ስሜን ጠየቁኝና እንዳይጠፋቸው ደጋግመው አሉት። አሠሪዬ ለራሷ እንዲቀላት ሌላ ስም አውጥታልኝ ነበር፣ እማማ ግን አንድም ቀን በሱ ጠርተውኝ አያውቁም።

ኋላ ደመወዜን ተከልክዬ ከዚያ ቤት ስወጣ የምሄድበት አልነበረኝም። የማውቀው በር አንድ ብቻ ነው። እዚያ ሄድኩ። ምን ሆንሽ፣ ምን አደረግሽ አላሉኝም። ምሳ አበሉኝ፣ ማታ ደግሞ ክፍል የተከራዩ የሐበሻ ልጆችን ፈልገው አገናኙኝ፣ ከዚያም በሰዓት የማጸዳበት ቤት በየደንበኞቻቸው አፈላለጉልኝ። ሥራ በሌለኝ ቀን ሱቃቸው እውላለሁ። ጫፍ መቀምቀም፣ ዚፕ መቀየር፣ ያረጀ ኮሌታ ገልብጦ መስፋት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ሲንጀር ገዝቼ እንጀራዬን የምበላው በዚያ ሙያ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የምንለው እዚያም ይሠራል።

ሃይማኖታችንም አቀራርቦናል። አርመኖች ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ከእኛና ከግብጾች ጋር ባንድ ወገን፣ የኬልቄዶንን የሃይማኖት ጉባኤ ካልተቀበሉት። ገናቸው ከእኛ ገና በአንድ ቀን ይቀድማል። ስለዚህ የዋዜማዬ ቀን የሳቸው በዓል ነው፣ እኔ እየጾምኩ እሳቸው ይበላሉ፣ በማግሥቱ ደግሞ የኔን ድስት አብረን እንከፍታለን። አንድ ቀን የአርባ ልጆችን ነገር አጫወትኳቸው። በ1916 ዓ.ም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው የአርመን ገዳም ውስጥ ወላጅ አልባ ልጆች አግኝተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ እንዳስመጧቸው፣ ልጆቹ የሙዚቃ ባንድ እንደሆኑ፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንደደረሱ ነገርኳቸው። እማማ መርፌያቸውን አስቀመጡ። አስጨረሱኝና ብድግ ብለው ማዶ ያለውን ጫማ ሰፊ ጠርተው "ና ስማ፣ ይቺ ልጅ ምን እንደምትል ስማ" አሉት። እንደገና አስወሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማራሽ መንገድ ላይ ሰላም የማይለኝ ሽማግሌ አልነበረም።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም ማታ ወደ 12 ሰዓት ላይ የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነበር፣ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ቡርጅ ሐሙድ ለወደቡ ቅርብ ነው። እኔ ሌላ ሰፈር ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ስልክ ተጨናንቆ አልገባ ሲለኝ በእግሬ መጣሁ። እማማን መስኮቱ የነበረበት ቦታ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ ደህና ናቸው፣ ግንባራቸው ብቻ ተቧጥሯል። ያኔም የጠየቁኝ የኔን ደህንነት ነው። መስታወቱን ጠራርገን ስንጨርስ መሽቶ ነበር። ከጨርቅ ውስጥ መስታወት ለቅሞ መጨረስ ግን አይቻልም፣ ከስንት ጊዜ በኋላም ልብስ ስናራግፍ ይወርድ ነበር።

ያ ዘመን ለሁሉም ክፉ ነበር። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዶላር በ1,500 ሊራ ግድም ሲመነዘር ኖሮ ገንዘቡ ወደቀ፣ ባንኮች የሰዉን ተቀማጭ ያዙ። የእማማ የዕድሜ ልክ ቁጠባም እዚያው ታስሮ ቀረ። በዚያው በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ አሠሪዎች መክፈል ሲያቅታቸው ሴቶቻችንን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። እማማ ያን ቀን ቴሌቪዥኑን አጥፍተው አለቀሱ። የአገራቸው ሰው ስላደረገው አፈሩ።

ዓመት ከምናምን ቆይቶ ደግሞ ተራው የኔ ሆነ። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እናቴ መንዝ ናት፣ ስልኳ አይነሳም። ያን ሰሞን እማማ ሱቁን እስከ ምሽት ሳይዘጉ አብረውኝ ይቀመጡ ነበር። ምንም አይሉም። ይሰፋሉ፣ እኔ እደውላለሁ። እናቴ ስልክ ያነሳች ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ከረሜላ አደሉ።

እንግዲህ ወደ ስንብቱ ልምጣ፣ ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነው።

ሊባኖስ የቤት ሠራተኛ በካፋላ ነው የምትኖረው። መኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የተንጠለጠለ ነው፣ በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገሩ የሠራተኛ ሕግም የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። በ2020 እ.ኤ.አ. ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ እንድትለቅ የሚያስችል አዲስ የውል ቅጽ ወጥቶ ነበር፣ ወር ከምናምን ሳይሞላው የአገሪቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። እንዲህ ባለ አሠራር የምትኖር ሴት አካሄዷንም አትመርጥም። ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ኤርፖርት ነው። ሻንጣዋ ይፈተሻል። ማንን ልሰናበት ብትል የሚሰማት የለም። አውሮፕላን ላይ አጠገቤ የተቀመጠች የደብረ ሲና ልጅ ከመነሻው እስከ መድረሻው ስታለቅስ መጣች። ከአራስነቱ ጀምሮ ያሳደገችው ልጅ ነበረ። እንዳያስቸግር ብለው ተኝቶ እያለ አስወጧት። ጠዋት ሲነሳ ማንን እንደሚጠራ ታውቃለች፣ አንጀቷን የበላው እሱ ነው። እሷን ደብረ ሲና ላይ "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ብለው ሲቀበሏት ምን ትበል?

እኔ ዕድለኛ ነበርኩ፣ የተሰናበትኩት በወጉ ነው። በመስከረም 2017 የእስራኤል የቦምብ ድብደባ ቤይሩት ሲበረታ ለመመለስ ቆረጥኩ፣ ኅዳር 18 ተኩስ አቁሙ ሲጸና ወረቀቴን ማስጨረስ ጀመርኩ። የመውጫ ወረቀቱ ጣጣ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል፣ ልዝለለው።

የመሄጃዬ ዋዜማ ማታ እማማ የሱቁን መዝጊያ እስከ ግማሽ አወረዱት። ቡና አፈላሁ። ጀበናውን እዚያው ልተውላቸው ነበር፣ ትተውት ከሄድሽ ማን ያፈላልኛል ብለው እንድወስደው አደረጉኝ። አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን። በረካው ላይ ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ካፖርት አወጡ። ከሳልቫጅ የተገዛ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ነው። ገበሩን አውልቀው ጥለው በሱፍ ገብረውታል፣ ትከሻውን ለኔ አጥብበውታል፣ ቁልፎቹን በሙሉ ለውጠዋል። ግራ ብብቱ ስር ደግሞ ገበሩ ውስጥ ኪስ ሰፍተው አፉን በደቃቁ ዘግተውታል። ስፌቱ ሁሉ ሰማያዊ ክር ሲሆን ያቺ ቦታ ብቻ በቀይ ክር ነው የተሰፋችው፣ የት እንደምተረትረው እንዳውቅ። "ቤትሽ ገብተሽ እናትሽ ፊት ፍቺው፣ መንገድ ላይ እንዳትነኪው" አሉኝ። በእጄ ዳበስ ሳደርገው ብር መሆኑን አወቅኩ። የባንክ ገንዘባቸውን የተነጠቁ ሴት ናቸው። አይሆንም ብዬ ለመንኩ፣ ተቆጡኝ።

"አገርሽ ብርድ ነው ብለሽኛል፣ የኛ ሰው ያለቀው በብርድ ነው" አሉኝ። ከዚያ የአያታቸውን ነገር ነገሩኝ። በ1920 እ.ኤ.አ. ክረምት ማራሽ ላይ ሦስት ሳምንት ያህል ውጊያ ነበር። ከዚያ የፈረንሳይ ጦር በሌሊት ከተማዋን ለቆ ወጣ፣ ወሬው የደረሰው አርመን ተከትሎ በበረዶ ውስጥ ወጣ። በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። አያታቸው ያን ሦስት ሳምንት የተረፉት ጎረቤታቸው የሆነች ቱርክ ሴት ቤቷ ደብቃቸው ነው። ሌሊቱን ሲወጡ ሴትየዋን መቀስቀስ ፈሩ፣ ድምፅ እንዳይሰማ። ሳይሰናበቷት ወጡ። የተዋሱት ወንፊቷም ሳይመለስላት ቀረ። አያትየው ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ አርጅተው እስኪሞቱ ድረስ ያችን ሴት ያነሷት ነበር። ስላለቀው ዘመድ ብዙ አያወሩም፣ ስለ ሴትየዋና ስለ ወንፊቱ ግን ያወራሉ። "ስለዚህ በኛ ቤት ሰው ሳይሰናበት አይሄድም" አሉኝ እማማ። ይሄን ሲሉ አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ስወጣ መንገድ ድረስ ልሸኝሽ አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ይበቃል ይመለሱ እላለሁ፣ አይሰሙም። ልክ መንዝ ውስጥ እናቶቻችን እንግዳ እንደሚሸኙት ክንዴን ይዘው እስከ ዋናው መንገድ መጡ። ሰርቪስ የሚሉትን ታክሲ አስቆሙ። ሹፌሩ ዋጋ ጨመረ፣ ቆመው ተከራክረው አስቀነሱት። ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝና በሩን እሳቸው ዘጉልኝ።

አሁን በሳምንት እንደዋወላለን። እናቴ ቀዩን ክር ስተረትር አጠገቤ ነበረች፣ ያለውን ስታይ ስልኩን ስጪኝ አለች። "እግዜር ያክብርልኝ፣ ልጄን ልጅዎ አድርገውልኛል፣ እድሜዎን ያርዝመው" እያለች መረቀቻቸው፣ እሳቸውም በአርመንኛ መለሱላት፣ እኔ መሃል ላይ ሆኜ አንዱን ለአንዱ አደርሳለሁ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚባለው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ሻማ አብሪልኝ ብለውኝ ነበርና ሄጄ በስማቸው አብርቻለሁ።

እና የምጠይቀው ምንድን ነው? አንደኛ ቤተሰብን ነው። ልጃችሁ ከዓረብ አገር ስትመጣ ውሃ ስጧት፣ አሳርፏት፣ ከዚያ ማን ደህና ሆነልሽ በሏት። ትናገራለች። ብዙዎቹ በሕይወት የተመለሱት ደህና የሆነላቸው አንድ ሰው ስለነበረ ነው፤ ባለ ሱቅ፣ የፎቁ ጥበቃ፣ ጎረቤት አሮጊት። ያንን ሰው ደውላችሁ አመስግኑት። ለአንድ ደቂቃ ስልክ የሚሆን ካርድ አይጠፋም።

ሌላው ሥልጠናው ነው። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ ለሥራ የምትሄድ ልጅ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ይጠይቃል፣ ስለዚህ ልጆቹ ይሠለጥናሉ። ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽንና ስለ ካውያ መማራቸው ጥሩ ነው። ግን ከሚሠሩበት ቤት ውጭ አንድ የሚያውቃቸው የአገሩ ሰው እንዲኖራቸው፣ ቋንቋውን ከወጥ ቤት ትእዛዝ አልፈው እንዲችሉት፣ ማንን በስሙ እንደሚጠሩ ሊነገራቸው ይገባል። እኔን ያዳነኝ ሕግ አይደለም፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። አሠሪና ሠራተኛ የሚያገናኙ ኤጀንሲዎችም ውሉ ሲያልቅ ልጅቷ የምትሰናበትበት አንድ ሙሉ ቀን በውሉ ላይ ይጻፍላት። ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ አንድ የግል ጉዳይ። እናቴ ከራሷ በጎች ጠጉር ፈትላ ለእማማ ባና አሠርታለች። የመንዝ ባና እንደምታውቁት ከባድ ነው፣ በፖስታ ልላክ ብል ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል በቅርቡ ወደ ቤይሩት የሚሄድና ሻንጣው ቦታ ያለው ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ይንገርልኝ። ስልኬን ለናንተ ትቼላችኋለሁ፣ ባናውን ቦሌ ድረስ አምጥቼ አስረክባለሁ፣ እማማ ደግሞ የሚያመጣላቸውን ሰው ሱቃቸው ቁጭ አድርገው ቡና ሳያጠጡ አይለቁትም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከቤይሩት ተመላሽ፣ ደብረ ብርሃን